የቺካጎ ከተማ ቴአትር ቤቶች፤ ስለ መሥራትና ስለ ማፍረስ

ሰው ታላቅ ቤት የሚሠራው ከዕድሜው በላይ እንዲቆይለት ነው። ሠሪው ያልፋል፤ ግንቡ ይቀራል፤ የልጅ ልጁም በግንቡ ላይ የአባቱን አሳብ ያነባል። ነገር ግን ግንብም እንደ ሰው ሁሉ ሞት አለበት። ልዩነቱ ሰው የሚሞተው በደዌ ወይም በእርጅና ሲሆን፣ ግንብ ብዙ ጊዜ ገና ሳያረጅ በገንዘብ ሒሳብ ይሞታል። ይህን ነገር አጥርቶ ለመመልከት ለሚፈልግ ሰው በሰሜን አሜሪካ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር የተሠራችው የቺካጎ ከተማ ታላቅ ምሳሌ ትሆነዋለች። በእርስዋ ያሉት ቴአትር ቤቶች አንዳንዶቹ በጥበብ ተሠርተው በስንፍና ፈረሱ፤ አንዳንዶቹም ለመፍረስ ከተፈረደባቸው በኋላ ዳኑ። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በዚያ ስፍራ ከጥንቶቹ የአገሩ ነገዶች በኋላ መጀመሪያ ቤት ሠርቶ የተቀመጠው ዣን ባቲስት ፖይንት ዱ ሳብል የሚባል ጥቁር ነጋዴ ነበረ። መንደሪቱ በ1837 ዓ.ም. የከተማነት መብት አገኘች። ባቡርና መርከብ ስለሚገናኙባት፣ እህልና ከብት ስለሚሸጥባት፣ ሕዝቡ ፈጥኖ በዛና በ1870 ዓ.ም. ወደ 300,000 ተጠጋ። ነገር ግን ቤቱ የሚበዛው ከእንጨት የተሠራ ነበረ፤ መንገዱም እንኳ በብዙ ስፍራ በእንጨት የተነጠፈ ነበረ። በጥቅምት 8 ቀን 1871 ዓ.ም. ማታ የተነሣው እሳት በነፋስ እየተነዳ ሁለት ቀን ያህል ነደደ። ከ17,000 የሚበልጥ ሕንፃ አመድ ሆነ፤ ወደ 300 የሚሆን ሰው ሞተ፤ 100,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። በ1869 ዓ.ም. ተሠርቶ የነበረው የውሃው ግንብ ግን ከድንጋይ የተሠራ በመሆኑ በአመዱ መካከል ቆሞ ተገኘ፤ እስከ ዛሬም ቆሟል።

ከእሳቱ በኋላ የከተማው ሰዎች ሐዘናቸውን አሳጥረው ሥራ ጀመሩ። የመሬት ዋጋ እጅግ ስለ ጨመረ ወደ ጎን መስፋት ውድ ሆነ፤ ስለዚህ ወደ ሰማይ መውጣት ተጀመረ። ሰውን ወደ ላይ የሚያወጣው አሳንሰር ተገኘ፤ የሕንፃውንም ክብደት በግድግዳ ፈንታ በብረት አጥንት መሸከም ተቻለ። ዊልያም ጄኒ የተባለው መሐንዲስ በ1885 ዓ.ም. ባለ አሥር ደርቡን የመድን ኩባንያ ቤት በዚህ ብልኃት ሠራ፤ ብዙ ሰዎችም የረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ሁሉ አባት እርሱ ነው ይላሉ። ይህ አባት የተባለው ቤት ግን በ1931 ዓ.ም. ከእርሱ የሚረዝም ለመሥራት ሲባል ፈረሰ። ሠርቶ ማፍረስ የከተማይቱ ጠባይ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ከቴአትር ቤቶቹ ሁሉ በኩሩ ኦዲቶሪየም የሚባለው ነው። የተወለደውም ከጠብ ነው። በግንቦት 4 ቀን 1886 ዓ.ም. በሃይማርኬት አደባባይ ሠራተኞች የሥራው ሰዓት በቀን ስምንት እንዲሆን ለመጠየቅ ተሰብስበው ሳሉ ቦምብ ተወረወረ፤ ፖሊሶችም ተኮሱ፤ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ሞቱ። በነገሩ ተከሰው አራት ሰዎች በ1887 ዓ.ም. ተሰቀሉ። ባለጸጋውና ድኻው በአንዲት ከተማ ውስጥ እንደ ሁለት ጠላቶች ሆነው ተያዩ። በዚያን ጊዜ ፈርዲናንድ ፔክ የተባለ ባለጸጋ ነጋዴዎችን ሰብስቦ፣ ለከተማው ሕዝብ ሁሉ የሚሆን ታላቅ የዜማና የጨዋታ አዳራሽ እንሥራ አላቸው። አሳቡም ሠራተኛው በጥቂት ገንዘብ ገብቶ መልካም ዜማ እንዲሰማ፣ ከባለጸጋውም ጋራ በአንድ ጣራ ሥር እንዲቀመጥ ነበር። አዳራሹ ግን በመግቢያ ዋጋ ብቻ ሊተዳደር ስለማይችል፣ ዙሪያውን ሆቴልና የሚከራይ ቢሮ ከበውት የእነርሱ ኪራይ የአዳራሹን ዕዳ እንዲሸፍን ታሰበ። በሌሎች አገሮች ኦፔራ ቤት ለመኳንንት የሚሆን ልዩ ሰገነት ብዙ ነበር፤ በዚህ ግን ልዩ ሰገነቱ እንዲያንስ፣ የሕዝቡ ወንበር እንዲበዛ ተወሰነ።

ሥራው ለዳንክማር አድለርና ለሉዊስ ሰሊቫን ተሰጠ። አድለር በጀርመን አገር የተወለደ የአንድ የአይሁድ መምህር ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ መጥቶ በእርስ በርሱ ጦርነት ወታደር ሆኖ አገለገለ። የመሠረትን፣ የክብደትንና የድምፅን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ነበር። ሰሊቫን በቦስተን ተወልዶ በፓሪስ የተማረ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚያንሰው ጎልማሳ ነው፤ እርሱም የቅርጽና የጌጥ ሰው ነበረ። አንዱ አጥንቱን ሲሠራ ሌላው ሥጋውን አለበሰ። ከእነርሱም ዘንድ በንድፍ ሥራ ከሚያገለግሉት አንዱ ኋላ ስሙ በዓለም የተሰማው ወጣቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት ነበረ።

የቺካጎ መሬት ረግረጋማ ጭቃ ነው፤ ጽኑ ድንጋይ የሚገኘው እጅግ ተቆፍሮ ነው። አድለር ስለዚህ እንጨትን፣ የብረት ሐዲድንና ሲሚንቶን አነባብሮ እንደ ሰፊ ታንኳ የሚሆን መሠረት አደረገ፤ ሕንፃውም በጭቃው ላይ እንደ መርከብ ተቀመጠ። አሥራ ሰባት ደርብ ያለው ግንብ ከሌላው ክፍል ስለሚከብድ ብቻውን እንዳይሰምጥ ሠጋ። በዚህም ምክንያት ግንቡ ተሠርቶ ሳይፈጸም የሚጎድለውን ክብደት በብረትና በጡብ ሞልቶ መሠረቱን አስቀድሞ አስጫነው፤ ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥርም የተጫነውን እየቀነሰ አወጣ። እንዲህም ሆኖ ሕንፃው በዘመናት ውስጥ በአንዳንድ ስፍራ ከግማሽ ሜትር የሚበልጥ ወደ ምድር ገብቷል፤ ወለሉም በብዙ ክፍል ዘንበል ብሎ ይታያል። ይሁን እንጂ አልወደቀም።

አዳራሹ ከ4,200 የሚበልጥ ሰው ይይዛል። ጣራው ከመድረኩ ጀምሮ ወደ ሕዝቡ እየሰፋ የሚሄድ የቅስት ተራ ነው፤ ወለሉም ወደ ኋላ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ከዚህ የተነሣ በመድረኩ ላይ በቀስታ የተነገረ ቃል በመጨረሻው ሰገነት ላይ ለተቀመጠው ይሰማል። ሰሊቫን ቅስቶቹን በወርቅ ቅብና በቅጠል አምሳል ጌጥ ሸፍኖ፣ በእያንዳንዱ ቅስት ላይ የኤሌክትሪክ መብራት እንደ ፍሬ አንጠለጠለበት። በበጋ ጊዜ አየሩ በውሃና በበረዶ ላይ አልፎ ቀዝቅዞ እንዲገባ ተደረገ። የሥራው ወጪ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ቤቱ ገና ሳይፈጸም በ1888 ዓ.ም. የሪፐብሊካን ወገን ጉባኤ ተሰብስቦበት ቤንጃሚን ሃሪሰንን ለፕሬዚዳንትነት አጨው። እርሱም ተመርጦ በታኅሣሥ 9 ቀን 1889 ዓ.ም. ምረቃው ሲደረግ በክብር መጣ፤ በዘመኑ የታወቀችው ዘማሪ አዴሊና ፓቲም በዚያች ሌሊት ዘፈነች። ከሦስት ዓመት በፊት በቦምብና በጥይት ስሟ የተሰማው ከተማ አሁን በዜማ ስሟ ተሰማ። ሠራተኛውና ባለጸጋው በአንድ አዳራሽ መቀመጣቸው ጠባቸውን አስቀርቶታል ማለት ግን አይቻልም፤ በከተማይቱ ከዚያም ወዲህ ብዙ አድማና ሁከት ተነሥቷል። የሆነ ሆኖ አሳቡ ከንቱ አልነበረም፤ ለድኻ ጆሮም መልካም ዜማ ይገባዋል ብሎ ግንብ ማቆም ቀላል ምስክርነት አይደለም።

ስለ ቺካጎ ቴአትር ቤቶች የሚጽፍ ሁሉ ሊያልፈው የማይገባ አንድ መራራ ታሪክ አለ። በኅዳር ወር 1903 ዓ.ም. አይሮኳይ የሚባል አዲስ ቴአትር ቤት ተከፈተ። በዕብነ በረድና በመስተዋት ያጌጠ ነበር፤ ባለቤቶቹም በማስታወቂያቸው ላይ ፈጽሞ እሳት የማይነካው ነው ብለው አሳተሙ። ከተከፈተ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በታኅሣሥ 30 ቀን፣ የልደት በዓል ዕረፍት ስለ ነበረ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከቀትር በኋላ ወደሚደረገው ጨዋታ መጡ። ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ብዙዎች ቆመው ነበር። ከመድረኩ መብራት አንዱ የእሳት ብልጭታ አውጥቶ መጋረጃውን አቀጣጠለ። እሳት የማይበላው የተባለው መጋረጃ ሲወርድ በመካከል ተጠልፎ ቀረ። በመድረኩ ጣራ ላይ ጢሱን እንዲያወጡ የተሠሩት መስኮቶች ተዘግተው ነበር። ተዋናዮቹ ለማምለጥ የኋላውን በር ሲከፍቱ የክረምቱ ነፋስ ገብቶ እሳቱን እንደ ኳስ ጠቅልሎ በሕዝቡ ላይ ወረወረው። ኤዲ ፎይ የተባለው ተዋናይ በመድረኩ ላይ ቆሞ ሕዝቡ እንዳይሸበር ለመነ፤ ነገር ግን እሳቱ ልመናን አልሰማም።

ሰዎቹ ወደ በሮቹ በሮጡ ጊዜ አንዳንዱ በር በመጋረጃ ተሸፍኖ አልታይ አለ፤ አንዳንዱ ያለ ትኬት ሰው እንዳይገባ ተብሎ ተቈልፎ ነበር፤ አንዳንዱም ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለ ነበረ ከኋላ የሚገፋው ሕዝብ ራሱ ዘጋው። በዚያች ዕለት በተነሣው እሳት 602 ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙትም ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ግድግዳው ግን እንደ ተባለው አልተቃጠለም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ታድሶ በሌላ ስም ቴአትር ሆኖ ተከፈተ። ቤቱ እሳት የማይነካው መሆኑ እውነት ሆነ፤ በውስጡ ላሉት ሰዎች ግን ማንም አላሰበላቸውም ነበር።

ስለዚያ ሁሉ ነፍስ በፍርድ ቤት ብዙ ክርክር ተደረገ፤ በመጨረሻ ግን ስለ ሟቾቹ የተቀጣ አልተገኘም። ሕጉ ግን ተለወጠ። የቴአትር ቤት በር ሁሉ ወደ ውጭ እንዲከፈት፣ መውጫው ተጽፎ እንዲታይ፣ በጨዋታ ጊዜ እንዳይቈለፍ ተደነገገ። በኢንዲያናፖሊስ የሚኖር ካርል ፕሪንዝለር የሚባል የብረታ ብረት ነጋዴ በዚያች ቀን ወደ አይሮኳይ ሊሄድ አስቦ በሥራ ምክንያት ሳይሄድ ቀርቶ ነበር። የሞቱትን እያሰበ ከጓደኞቹ ጋራ መክሮ በ1908 ዓ.ም. ሰው በደረቱ እንኳ ሲገፋው የሚከፈት የበር መወርወሪያ አወጣ። ዛሬ በየአገሩ በትምህርት ቤትና በአዳራሽ በር ላይ በአግድም ተሠርቶ የሚታየው ብረት ዘሩ ከዚያ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ግን ለ602ቱ ሰዎች ሳይደርስላቸው ቀረ።

ከዚህ በኋላ የሲኒማ ዘመን መጣ። ባላባንና ካትስ የሚባሉ የስደተኞች ልጆች ማኅበር አቁመው፣ ራፕ የሚባሉትን ወንድማማች መሐንዲሶች ይዘው፣ በየሰፈሩ ቤተ መንግሥት የሚመስል የሲኒማ ቤት መሥራት ጀመሩ። በ1917 ዓ.ም. በከፈቱት በሴንትራል ፓርክ ቴአትር ውስጥ ሥጋ ለማቆየት ይሠራበት የነበረውን የማቀዝቀዣ መኪና ብልኃት ለሰው ተጠቀሙበት፤ በሙቀት ወራት ሕዝቡ ስለ ሥዕሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ነፋሱም ይመጣ ጀመር። በ1921 ዓ.ም. የተከፈተው የቺካጎ ቴአትር 4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጀ፤ ፊቱ በፓሪስ ያለውን የድል ቅስት እንዲመስል ሆኖ ተሠራ፤ ስድስት ደርብ የሚያህል የከተማይቱ ስም በመብራት ተጽፎ ቆመበት። በ1925 ዓ.ም. የተሠራው አፕታውን ከዚህም የሚበልጥ 4,381 ወንበር ነበረው። የቀን ሠራተኛና የቤት አገልጋይ በጥቂት ሳንቲም ገብቶ ለሁለት ሰዓት በንጉሥ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ይቀመጥ ነበር።

ሆኖም ይህ ደስታ ለሁሉ እኩል አልነበረም። ከደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ጭቈናን ሸሽተው የመጡ ብዙ ጥቁሮች በቺካጎ በስተ ደቡብ ባለው ሰፈር ተወስነው ይኖሩ ነበር፤ በመሐል ከተማ ያሉት ቴአትር ቤቶች ብዙዎቹ ወይ አያስገቡአቸውም፤ ወይም በላይኛው ሰገነት ላይ ብቻ ያስቀምጡአቸው ነበር። በ1928 ዓ.ም. በ47ኛው መንገድ ላይ የተከፈተው ሪጋል ቴአትር ግን ጥቁር ሰው በፊተኛው በር ገብቶ በመረጠው ወንበር የሚቀመጥበት ታላቅ ቤት ሆነ። ዱክ ኤሊንግተን፣ ኤላ ፊትዝጄራልድ፣ በዚያው ሰፈር ያደገው ናት ኪንግ ኮልም በመድረኩ ላይ ታይተዋል። ይህ ቤት በ1973 ዓ.ም. ፈረሰ። በቺካጎ ከፈረሱት ቤቶች ሁሉ ስለዚህ ቤት ልዩ ሐዘን የሚሰማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በሌላ ስፍራ ክብር ተነፍጎአቸው በዚያ ተከብረው ነበርና።

የቴአትር ቤቶቹ ሞት ከምን መጣ ቢባል ምክንያቱ አንድ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥዕሉን የሚሠሩት ኩባንያዎች ሥዕሉ የሚታይበትን ቤት ጭምር መያዛቸው ፍትሕ አይደለም ብሎ ፈረደ፤ ታላላቆቹም ሲኒማ ቤቶች ከጌቶቻቸው ተለዩ። ወዲያው ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ። መኪና ያለው ሰው ከመሐል ከተማ ወጥቶ በዳርቻ መኖር ጀመረ። አራት ሺህ ወንበር ያለውን ቤት አራት መቶ ሰው ሲገባበት ማሞቂያውንና መብራቱን እንኳ አይከፍልም። መሬቱ ግን ከቤቱ ይልቅ ውድ ሆነ፤ ባለ ርስቱም ቤቱን ሲያይ የሚያስበው ቢፈርስ ስለሚያገኘው ገንዘብ ሆነ።

ኦዲቶሪየም ራሱ ከዚህ መከራ አላመለጠም። ሆቴሉ የመታጠቢያ ክፍል እየለየ የሌለው አሮጌ ሆቴል ስለ ነበረ እንግዳው ወደ አዲሶቹ ሄደ። በ1929 ዓ.ም. ኦፔራው ወደ አዲስ ቤት ተዛወረ። ባለ ርስቶቹ ሊያፈርሱት አስበው ዋጋውን ባስመረመሩ ጊዜ፣ ያን የሚያህል ድንጋይ ለማፍረስ የሚወጣው ገንዘብ ከመሬቱ ዋጋ እንደሚበልጥ ተነገራቸው። የአድለር ከባድ ግንብ በክብደቱ ዳነ። በ1941 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በጦርነቱም ጊዜ ወታደሮች የሚያርፉበት ስፍራ ሆኖ፣ ፓቲ በዘፈነችበት መድረክ ላይ የኳስ ማንከባለያ ጨዋታ ተዘረጋ።

በ1945 ዓ.ም. አንድ ኮሌጅ የጥቁሮችንና የአይሁዶችን ተማሪዎች ቁጥር ለመወሰን ማሰቡን የተቃወሙ መምህራን ሥራቸውን ትተው ወጥተው፣ ማንንም በዘሩና በሃይማኖቱ የማይለይ አዲስ ኮሌጅ አቆሙ፤ ስሙንም በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ስም ጠሩት። ቤት ስላልነበራቸው በ1946 ዓ.ም. ይህን የተናቀ ሕንፃ ገዙ። የሆቴሉን ክፍሎች የትምህርት ክፍል፣ በአሥረኛው ደርብ ያለውን የግብር አዳራሽ የመጻሕፍት ቤት አደረጉት። ፔክ ባለጸጋና ድኻ አብረው እንዲቀመጡበት ያሠራው ቤት ከስድሳ ዓመት በኋላ ነጭና ጥቁር አብረው የሚማሩበት ሆነ። ቴአትሩን ለማደስ ግን ገንዘብ አልነበረም። ቢያትሪስ ስፓክነር የተባሉ ሴት ለዚህ ነገር ማኅበር አቁመው ለዓመታት ገንዘብ ሰበሰቡ፤ መሐንዲሱ ሃሪ ዊዝም የማደሱን ሥራ መራ። በጥቅምት 31 ቀን 1967 ዓ.ም. መብራቱ እንደገና በራ፤ በመጨረሻው ሰገነት የተቀመጠውም እንደ ቀድሞው በቀስታ የተነገረውን ሰማ።

ሌሎቹ የአድለርና የሰሊቫን ሥራዎች ይህን ዕድል አላገኙም። ሁለቱ በ1895 ዓ.ም. ተለያዩ፤ አድለር በ1900 ዓ.ም. ሞተ። ሰሊቫን ሥራ አጥቶ፣ ዕቃውን ሸጦ፣ በ1924 ዓ.ም. በአንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ በድኽነት ሞተ። በ1892 ዓ.ም. ለጀርመን ቋንቋ ጨዋታ ብለው የሠሩት፣ ኋላ ጋሪክ የተባለው ቴአትር፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ባለቤቶቹ ለማፍረስ ፈቃድ ጠየቁ። ከተማው በመጀመሪያ ከለከለ፤ ፍርድ ቤት ግን ባለ ርስትን በርስቱ ላይ የሚከለክል ሕግ የለም ብሎ ለባለቤቶቹ ፈረደ። በ1961 ዓ.ም. ፈረሰ፤ በስፍራውም የመኪና ማቆሚያ ተሠራ።

በዚያ ጊዜ በመንገድ ላይ የተቃውሞ ጽሑፍ ይዘው ከቆሙት ሰዎች አንዱ ሪቻርድ ኒክል የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ። በ1928 ዓ.ም. በዚያው በቺካጎ የተወለደ ነው። ተማሪ ሳለ የሰሊቫንን ቤቶች ፎቶግራፍ እንዲያነሣ ታዝዞ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቱ ከሥራው አልተመለሰም። ባለጸጋ አልነበረም፤ ሹመትም አልነበረውም። ቤቱ እንዲተርፍ ይለምናል፤ ልመናው ካልተሰማ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ማፍረስ ሲጀመር ገብቶ የተቀረጸውን ሸክላና ብረት በገዛ እጁ እየነቀለ ያድናል። ስለ ሁለቱ መሐንዲሶች ሥራ ሁሉ የሚናገር መጽሐፍ ለማውጣት ብዙ ደከመ።

በ1968 ዓ.ም. ከተማው የታሪክ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ሥልጣን ያለው ሕግ አወጣ። ነገር ግን ሕግ ራሱ ጠባቂ ካላገኘ ወረቀት ነው። በ1894 ዓ.ም. በእነዚያው መሐንዲሶች የተሠራው ባለ አሥራ ሦስት ደርብ የአክሲዮን ገበያ ቤት እንዲፈርስ በታሰበ ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች ቢማለዱም የከተማው ምክር ቤት በቅርስነት ሊመዘግበው አልፈቀደም። ማፍረሱ በ1971 ዓ.ም. ተጀመረ። በሚያዝያ 13 ቀን 1972 ዓ.ም. ኒክል እንደ ልማዱ ጥቂት ቅርጽ ሊያድን ብቻውን ወደ ፍርስራሹ ገባ፤ አልተመለሰም። ወለሉ ተደርምሶበት ነበር። ሬሳው ከአራት ሳምንት ያህል በኋላ በግንቦት 9 ቀን ተገኘ፤ ዕድሜው 43 ዓመት ነበረ። መቃብሩም ሰሊቫን ባረፈበት በግሬስላንድ መካነ መቃብር ነው። የጀመረውን መጽሐፍ ሌሎች ፈጽመውለት በ2010 ዓ.ም. ታተመ።

የአንድ ሰው ነፍስ ከድንጋይና ከሸክላ እንደምትበልጥ ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ኒክል መልካም ለወጠ ሊባል አይቻልም፤ መሞቱም ሊመሰገን የሚገባው ነገር አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ ሺህ ባለጸጋ ባለበት ከተማ የሕዝብን ቅርስ የማዳን ሥራ ለአንድ ድኻ ሰው፣ በሚፈርስ ቤት ውስጥ፣ በመዶሻና በካሜራ ብቻ ለምን ተተወ? የእርሱ ሞት ከተማውን አሳፈረ። ለዚያ ሕንፃ ሲከራከሩ የነበሩት ሰዎች ያቆሙት ማኅበር እየጠነከረ ሄደ፤ የገበያው ቤት የመገበያያ አዳራሽም ከዳነው ቅርጽ ተሰብስቦ በከተማው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ውስጥ እንደገና ተሠራ።

ይህ ትምህርት ከንቱ አለመሆኑ በቺካጎ ቴአትር ታየ። በ1985 ዓ.ም. ተዘግቶ ሊፈርስ በቀረበ ጊዜ፣ ከተማው አስቀድሞ በቅርስነት መዝግቦት ስለ ነበረ ማፍረሱ እንደ ፊተኛው ቀላል አልሆነም። ሰዎች ተባብረው ገዙት፤ ከተማውም ረዳቸው፤ በመስከረም 10 ቀን 1986 ዓ.ም. ታድሶ ተከፈተ። አፕታውን ግን በ1981 ዓ.ም. እንደ ተዘጋ ነው፤ ቅርስ ተብሎ ስለ ተመዘገበ አልፈረሰም፤ የሚያድሰው ስላልተገኘም አልተከፈተም። አለመፍረስና መኖር አንድ እንዳልሆኑ እርሱ ይመሰክራል።

የቅኔ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ እንዲያይ ይማራል። የታላቅ ቤትም ሰሙ ድንጋዩና ጌጡ ነው፤ ወርቁ ግን የተሠራበት አሳብና የሚያገለግለው ሕዝብ ነው። የአይሮኳይ ሠሪዎች በሰሙ ተማምነው ወርቁን ሰውን ረሱ፤ ስለዚህ ግድግዳው ቆሞ ሰዎቹ አለቁ። ጋሪክንና የገበያውን ቤት ያፈረሱት ደግሞ ሰሙን በመሬት ዋጋ መዝነው ወርቁን ከድንጋዩ ጋራ ወደ ጉድፍ ጣሉት። ኦዲቶሪየም የዳነው መጀመሪያ በክብደቱ ቢሆንም፣ ሕይወት ያገኘው ግን እንደገና የሚያገለግለው ሕዝብ ባገኘ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቅርስን መጠበቅ ማለት ሰውን ረስቶ ድንጋይን መውደድ አይደለም፤ ድንጋዩን የሚወድ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው፣ በዚህ ቤት ውስጥ ማን ይገባል፣ ማንስ በደኅና ይወጣል ብሎ ነው።

በቺካጎ ከተማ በሥነ ጥበብ ቤተ መዘክሩ አጠገብ፣ በሜዳ ላይ፣ ከአክሲዮን ገበያው ቤት የዳነው ታላቅ የመግቢያ ቅስት ብቻውን ቆሟል። የተቀረጸው ጌጥ ዛሬም ያምራል፤ መንገደኛውም ቆሞ ያየዋል። በዚያ ቅስት በኩል ያለፈ ሰው ግን ራሱን እንደገና በሜዳ ላይ ያገኘዋል፤ በሩ አለ፤ ቤቱ የለም።